የሲራጅ ሰንጋ

ለከሚሴ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የአቶ ሲራጅ ሙሐመድ የግራ ጉልበት እብጠት ዛሬ እሑድ ማለዳ በአላህ ፈቃድ ጎደል ማለቱን፣ ባለቤቱ ወይዘሮ ፋጡሜም በጥቁር አዝሙድ ዘይት አሽታ በነጭ ሻሽ ጠፍራ ማሰሯን፣ ጉልበቱም ከረፋዱ ጀምሮ ጠያቂ መቀበል የሚችል መሆኑን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን። በዛሬዎቹ ተጋጣሚዎቻችን በሰንበቴዎች በኩል የሚናፈሰው «ሲራጅ ዛሬ አይሰለፍም» የሚል ወሬ ከእውነት የራቀ፣ የሰውን ጉልበት በሩቅ ከሚፈሩ ወገኖች የመነጨ ነው።

ጉልበቱ የተዘረጋው ሳሎን ውስጥ ነበር። ሲራጅ ፍራሽ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ ጠባብ ስለሆነ የሚሸጠውም፣ የማይሸጠውም፣ ዋጋ እስኪጨምር የሚጠብቀውም ፍራሽ ቤቱ ገብቶ ይከመራል። እዚያ ቤት የሄደ እንግዳ ሦስት ተደራራቢ ፍራሽ ላይ ይቀመጥና እግሩ መሬት ሳይነካ፣ እንደ ሕፃን ተንጠልጥሎ ሻዩን ይጠጣል። አምና ስድስት ሺህ የነበረው ወፍራሙ ስፖንጅ ዘንድሮ አሥር ሺህ ገብቷል፤ ሲራጅ ዋጋ የሚቀንሰው ለአንድ ዓይነት ደንበኛ ብቻ ነው፤ «በወጣትነትህ ኮምቦልቻ ስትጫወት አይቼሃለሁ» ላለው። ሌላው ደንበኛ አንድ ጎል ሳይሰማ አይወጣም፤ ዋጋ የሚከራከር ደግሞ ሁለት ይሰማል። ጎሉን ሲተርክ ፍራሹ ላይ እየወደቀ ስለሚያሳይ፣ ሰው የፍራሹን ጥንካሬ የሚመሰክረው በዚያው ነው። ዕድሜው አርባ ሰባት ነው፤ መታወቂያው ላይ አርባ አንድ ይላል፤ ሜዳ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማንም ደፍሮ አይጠይቀውም።

ከሚሴ ውስጥ ሲራጅን የማያውቅ የለም፤ ከሲራጅ ኳስ የተቀበለ ግን የለም። በቦርከና ጤና ቡድን አጥቂነት ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሰለፍ ለሰው ያቀበለው ኳስ ቢኖር ጨዋታው ሲያልቅ ለዳኛው የመለሰው ነው፤ እሱንም አንዳንዴ ረስቶ ይዞት ይሄዳል። ጤና ቡድን ማለት፣ ለማያውቀው፣ ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸው ጎልማሶች ጤናቸውን ለመጠበቅ በማለዳ ተሰባስበው እርስ በርስ የሚሰባበሩበት ማኅበር ነው። ሲራጅ ኳስ በነካ ቁጥር ሜዳ ዳር የቆመው ሕዝብ በኦሮምኛም በአማርኛም «ኬኒ! ስጥ!» እያለ ይጮኻል። ሲራጅ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፎ ይናገራል፤ ይቺን አንዲት ቃል ግን በአንዳቸውም ሰምቷት አያውቅም። ባይሰማም ጎል ስለሚያገባ ግን ማንም አጥብቆ አይቆጣውም። እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ታማዋለህ፣ ግን ቡድን ስትመርጥ መጀመሪያ የምትጠራው እሱን ነው።

የቡድኑ ሕግ አንድ ነው፤ ከውጭ የመጣ ሳይሆን እዚሁ የተወለደ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ የከሚሴ፣ የሰንበቴና የጨፋ ሮቢት ጤና ቡድኖች ሲወዳደሩ የሚሸለመው ዋንጫ ሳይሆን ሰንጋ ነው። ቡድናችን ደግሞ እኩል እኩሌታ ነው፤ ገሚሱ ዓርብ ለጁምዓ፣ ገሚሱ እሑድ ለቅዳሴ ብሎ ከልምምድ የሚቀር። አንድ ሰንጋ ሁለት ጊዜ አይታረድም፤ ቢስሚላህ ተብሎ ከታረደ ክርስቲያኖቹ እነ ምንተስኖት አይበሉትም፣ በስመ አብ ተብሎ ከታረደ ሙስሊሞቹ እነ አንዋር አይነኩትም። ስለዚህ ድሮ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «የመጨረሻዋን ጎል ያገባ ሰው፣ ሰንጋው በሱ ወገን ይታረድ፤ ለሌላው ወገን ሙክት ይገዛለት» ብለው ቆረጡ። ፍትሐዊ ሕግ ነበር፤ ሲራጅ ባይኖር። በሱ ምክንያት የቡድኑ ክርስቲያኖች የሰንጋ ጣዕም ከረሱ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ምንተስኖት «ሙክት ከመብላት ብዛት ድምፄ ራሱ ተለወጠ» ይላል። አንድ ዓመት ብቻ አንድ የሰንበቴ ተከላካይ በራሱ ግብ ላይ አገባና ጉድ ፈላ። ሰውዬው ሙስሊም ነው፤ ግን የሰንበቴ ሰው ነው፤ ታዲያ ሰንጋው በየትኛው ወገን ይታረዳል? ሽማግሌዎቹ ሲከራከሩ ሰንጋው ከሳ፤ በመጨረሻ ተሸጦ ለሁለቱም ወገን ሙክት ተገዛ። ከዚያ ወዲህ በራስ ላይ ማግባት በሁለቱም ሃይማኖት ነውር ነው።

የዘንድሮው ሰንጋ ግን ከሥጋ በላይ ሆኗል። የሲራጅ ልጅ ሙና፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ፣ ረመዳን ሳይገባ በሚቀጥለው እሑድ ትዳራለች፤ ሙሽራው ሪድዋን የጨፋ ሮቢት ልጅ ነው። ሰንበቴ ገበያ ላይ ደህና ሰንጋ ከመቶ ሺህ ብር አልፏል። ሲራጅ ቢጨነቅ አያጣውም፤ ግን ሽማግሌ ሆነው በመጡት አማቾቹ ፊት «ሰንጋ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል፤ እኔ ልጄን የምድራት በጎሌ ነው» ብሎ ተናግሯል። ንግግሩ አማረለት፤ ሰዎቹም «ማሻአላህ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ተገዝቷል፣ ድንኳን ተይዟል፣ ሰንጋው ግን ገና አልገባም፤ ሲራጅ ግብ ጠባቂውን አልፎ እስኪያመጣው ይጠበቃል።

«ዛሬ ባታገባስ?» አለችው ፋጡሜ፣ ሻሹን አንድ ጊዜ ሳብ አድርጋ እያጠበቀች።

«ባላገባስ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሰው ነህ ማለት ነው።»

«ወላሂ ይቺን ጥያቄ ሰንበቴዎች ናቸው የሰጡሽ።»

ሙና የሻይ ብርጭቆዎቹን እየሰበሰበች «አባ፣ ፍየል ይበቃናል» አለች። «ሦስት አራት ፍየል። ሪድዋንም እንደዛው ነው የሚለው።»

«የሲራጅ ልጅ በፍየል? ሰው ምን ይላል? ጉልበቱ አለቀ ነው የሚለው።»

ሙና እናቷን አየቻት፤ እናቷ ጉልበቱን አየች። ነገሩ ስለ ፍየል አልነበረም። ሰንጋውን የሚጠብቅ ሌላም ሰው እንዳለ ሦስቱም ያውቃሉ፤ ግን እዚያ ቤት ስሙ ከተነሳ ቆይቷል። ስሙ ሲነሳ ፋጡሜ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ እሳት ላይ የሌለ ድስት ልታማስል ትሄዳለች።

ስሙ ኤርሚያስ ነው። የሲራጅ የአክስት ልጅ፣ የቡድኑ ግብ ጠባቂ። እናቶቻቸው እህትማማች ናቸው፤ አንዷ መስጊድ አንዷ ቤተ ክርስቲያን ትሂድ እንጂ ልጆቻቸውን ያጠቡት እየተቀያየሩ ነው ይባላል። ኤርሚያስ አምና ጥር ላይ፣ ማለዳ ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ በድንገት ሞተ። በቀብሩ ላይ፣ ሁለቱንም ሃይማኖት የሚቀብረው የሰፈሩ ቅሬ ወይም ዕድር ሰብሳቢ የሆነው ምንተስኖት አፈር እጁ ላይ እንዳለ «ወንድሜ፣ ሙት ዓመትህን ቡድንህ በሰንጋ ያወጣልሃል» ብሎ በሕዝብ ፊት ቃል ሰጠ። ገሚሱ አሚን፣ ገሚሱ አሜን አለ። ሲራጅም ብሏል። ሙት ዓመቱ የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ከሠርጉ አንድ ቀን በፊት። የሠርጉ ነገር ከተሰማ በኋላ ግን ስለ ቃሉ ማንም ትንፍሽ አላለም። ልጁን ሊድር ከተነሳ አባት አፍ ላይ ሰንጋ አይነጠቅም። ነገሩ ደግሞ ያለ ጎል የሚሆን አይደለም፤ ክርስቲያኖቹ ሁሉ ተከላካይ ናቸው።

ሲራጅ ረፋድ ላይ እያነከሰ ወጣ። ማነከሱ እንዳይታይ ሰላምታ ለመስጠት የቆመ እየመሰለ በየአሥር እርምጃው ይቆማል፤ በዚህም ምክንያት ያን ቀን በከተማው ውስጥ ከማንም በላይ ትሑት ሰው ሆኖ ዋለ። «አከም ቡልቴ ሲራጅ! ጉልበትህስ?» ይሉታል፤ መጀመሪያ ስለ ጉልበቱ፣ ቀጥሎ ስለ ቤተሰቡ። «አልሐምዱሊላህ፣ እንደ አዲስ ነው» ይላል። ምንተስኖት ፀጉር ቤት ሲደርስ ሰውየው ከቅዳሴ መልስ ነጠላውን ወንበር ላይ ጥሎ መስታወት ይወለውላል። ምንተስኖት ሃምሳን የተሻገረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አናቱ የተመለጠ ሰው ነው፤ የቀኝ ተከላካይ ነው፤ በኳስ ዘመኑ ሁሉ የመሃል ሜዳውን መስመር ተሻግሮ አያውቅም።

«ዛሬም ሙክታችንን እንጠብቅ?» አለው፣ ምላጩን ጉሮሮው ላይ አድርጎ።

«ምላጩን አንሳና ተናገር።»

«ሰንጋ በበላሁ ጊዜ እኮ ፀጉር ነበረኝ።»

«ማን ከለከለህ? መስመሩን ተሻገርና አግባ!»

«እዚያ ማዶ ዘመድ የለኝ፣ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?»

ሳቁ። ምንተስኖት አገጩን ጨርሶ በአልኮል እያሸ «ማንአልሞሽ ‹ማሊያህን መጥተህ ውሰድ› ብላለች፤ የአንገቱ ቁልፍ ተነቅሎ ስትሰፋ ከሌሎቹ ጋር አልላከችውም» አለ። «መጥተህ ውሰድ» የሚለውን ለስለስ አድርጎ ነው ያለው። ሲራጅ የኤርሚያስን ሚስት የማንአልሞሽን ቤት ደጃፍ ከረገጠ ወራት እንዳለፉት ሁለቱም ያውቃሉ።

የቡድኑን ማሊያ የምታጥበው ማንአልሞሽ ናት፤ ኤርሚያስ በነበረበት ጊዜ የጀመረችውን ከሞተም በኋላ «እጄ ለምዶታል» ብላ አልተወችም። ሲራጅ ሲገባ ግቢው ውስጥ ገመዱ ላይ የተሰጣ አልነበረም፤ ሁሉም ተሰብስቦ ሄዷል። የሱ አሥር ቁጥር ብቻ፣ ታጥፎ፣ መስኮት ላይ ተቀምጧል። «ያንተን ማጠብ ሥራ አይደለም» አለችው እየሳቀች፤ «ወደ ኋላ ተመልሰህ ስለማትከላከል አያልብህም።» ቤቷ አንድ ክፍል ነው፤ አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል፤ መሃል ወለሉ ላይ፣ ሰው እንዳያልፍ አድርገው፣ ሁለት ትላልቅ ጎላዎች ተቀምጠዋል። ለድግስ የሚወጡት የቅሬው ብረት ድስቶች ናቸው፤ ውስጣቸው ተፈግፍጎ ያብረቀርቃል። ሲራጅ ያያቸዋል እንጂ አይጠይቅም። እሷ ግን ሰው ዝም ሲላት የምትቸገር አይደለችም።

«ጎላዎቹን አየሃቸው? ለሙና ነው የያዝኳቸው» አለች። «ለቅዳሜ ብዬ ነበር ከቅሬው ያወጣሁት። በኋላ አሰብኩት። ቅዳሜ ሥጋ ከሠራሁባቸው ለእናንተ እሑድ አይሆኑም፤ ሌላ ጎላ ደግሞ በዚህ በሠርግ ወር ከየት ይመጣል? እኔ ሽሮና ምስር በትንንሹ ድስት እሠራለሁ። ለቄሶቹም ነግሬያለሁ፣ ሰውም አይቀየመኝም።»

«ሥጋ ጨርሶ የለም?»

«ከየት ወንድሜ? ቀብር ላይ የተባለ ነገር እኮ የሐዘን ነው፤ ሰው ሲያዝን ብዙ ይላል። እኔ አልያዝኩትም።» ማሊያውን አነሳችና ትከሻው ላይ ለካችው፤ የሰፋችው ቁልፍ ከሌሎቹ ቀለሙ ይለያል። «ይልቅ አግባና ልጃችንን በወግ ዳራት። ኤርሚያስ ቢኖር ደስታውን አይችለውም ነበር። ግን እሱ ፊትህን አያውቀውም እኮ! ‹ሃያ ዓመት የሲራጅን ጀርባ ስጠብቅ ኖርኩ› ነበር የሚለኝ። ‹ሲያገባ እንኳ ወደኔ አይዞርም፣ ወደ ሕዝቡ ነው የሚሮጠው፤ መንገድ ላይ ባገኘው አላውቀውም› እያለ ያስቀኝ ነበር።»

እሷ ሳቀች፤ ከልቧ ነው፣ ነገር የለበትም። ሲራጅም ሳቀ። ከዚያ ጎላዎቹን ዞሮ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደበት፤ ጉልበቱ ነው እንበል። ደጃፉ ላይ ቆሞ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ «ቁልፉ ጥሩ ነው» አለና ሄደ።

የፍጻሜው ጨዋታ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተጀመረ። ሰንጋው ሜዳው ዳር ግራር ሥር ታስሯል፤ ቀይ፣ ግንባረ ቦቃ፣ አንገቱ ላይ አረንጓዴ ሪባን ያለው፣ ስለ እግር ኳስ ምንም ግድ የሌለው። አንድ ሽማግሌ መረቁ፤ «ጉልበት ይስጣችሁ፣ ቂም አይግባባችሁ» አሉ። ሰንበቴዎች በጭነት መኪና መጥተዋል፤ አጥቂያቸው ቦርጫም ነው፣ ግብ ጠባቂያቸው ግን ረጅም ነው። ፀሐዩ ከጨፋ ሜዳ የሚመጣውን ነፋስ እንደ ምድጃ አሙቆ ይልከዋል፤ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ሰው ውሃ ሊጠጣ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሲራጅ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ እንዲያውም ባሰበት። አማካያችን ዘይኑ ሦስት ጊዜ ብቻውን ሆኖ እጁን አውለበለበ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሲራጅ ዘይኑን እንደ መብራት ምሰሶ አልፎት ሄዶ ኳሷን ወደ ሰንጋው መታት። «ኬኒ!» ይላል ሕዝቡ። «ኬኒ ያ ሲራጅ! ስጥ እንጂ፣ ስጥ!» አሮጊቶች ሳይቀሩ ይጮኻሉ። መሃል ላይ ከብት ሲያልፍ ጨዋታው ቆመ፤ ያኔ ሲራጅ ብቻውን መሬት ላይ ተቀምጦ ሻሹን ሲፈታና ሲያስር ታየ። ፊቱ የተለየ ነበር ይላሉ አሁን ሰዎች፤ ያኔ ማንም ልብ ያለ የለም።

ባዶ ለባዶ ሆኖ ሊያልቅ ሲል ሲራጅ ግቡ አጠገብ ወደቀ። ማን እንደጠለፈው በውል አልታየም፤ የተፈታው ሻሽ ነው ራሱን የጠለፈው የሚሉም አሉ። ዳኛው ግን ፊሽካውን ነፋና ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። የሰንበቴ ልጆች ከበቡት፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ሰደቡት፤ ዳኛው ሦስቱንም ስለሚችል በሦስቱም መለሰላቸው። ሲራጅ ተነሳ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ኳሷን ነጥቡ ላይ አስቀመጠ። ከሱ ሌላ ማንም ሊመታ እንደማይችል የታወቀ ስለሆነ የኛ ልጆች ወደ ሰንጋው ማየት ጀመሩ። የጨፋ ሮቢት አማቾች ከቆሙበት «ማሻአላህ» የሚለውን ከወዲሁ ያሟሹ ነበር። ሙና ከጓደኞቿ ጋር ጥላ ይዛ ቆማለች።

ሲራጅ ኳሷን መልሶ አነሳት። በብብቱ ያዛትና ጀርባውን ለግቡ ሰጥቶ መሄድ ጀመረ። እያነከሰ፣ ሊደብቀው ሳይሞክር፣ የሜዳውን ርዝመት ሁሉ ተሻግሮ በወዲያኛው ጫፍ፣ በቀኝ በኩል፣ ወገቡን ይዞ የሚተነፍሰው ምንተስኖት ፊት ቆመ።

«ና።»

«ወዴት?»

«ልትመታ።»

ምንተስኖት ወደ ጎን ጮኸ፤ «ኧረ ውሃ ስጡት! ፀሐይ መታው ሰውዬውን!»

«ኮቱ ብዬሃለሁ፣ ና!»

እጁን ጨብጦ እንደ ሙሽራ ይጎትተው ጀመር። ምንተስኖት መሃል ሜዳው መስመር ላይ ሲደርስ ቆሞ አማተበ፤ ከዚያ በኋላ ነው የተሻገረው። የቡድኑ አምበል አንዋር፣ የፋጡሜ ወንድም ነው፣ ሮጦ መጣ።

«ሲራጅ! የሙና ሰንጋ እኮ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅህ ምታዋ!»

«አንዋር፣ ከመንገድ ላይ ዞር በል።»

ሲራጅ ኳሷን ነጥቡ ላይ መልሶ አስቀመጠ። ዳኛው ሰዓቱን አየ፣ ሰዓቱ ግን ስለዚህ ጉዳይ የሚለው አልነበረም። ምንተስኖት ወደ ኋላ ተራመደ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ መጣ፣ መታ። ከኳሷ ይልቅ አፈሩ ነው የሄደው። ግብ ጠባቂው ቀድሞ ወድቋል፤ ኳሷ እየተንፏቀቀች ሄዳ የተዘረጋ እግሩን ነካችና ተመለሰች። ምንተስኖት በምቱ ኃይል ተንሸራቶ በመቀመጫው ቁጭ አለ። የተመለሰችው ኳስ ደግሞ ከሜዳው ሰው ሁሉ መርጣ ሲራጅ ቀኝ እግር ሥር መጥታ ቆመች። ግቡ ባዶ ነው። ግብ ጠባቂው መሬት ላይ ነው። ሕፃን ቢነካት ትገባለች፤ ካስገባት ደግሞ ሕጉ ሕግ ነው፣ ሰንጋው የሱ ነው፣ ማንም አይወቅሰውም፤ ዕድሉን ሰጥቶ ነበርና ደግ ሰው ተብሎም ሰንጋውን ይወስዳል። እንዲህ ያለ ቀን በሰው ዕድሜ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣው።

ሃያ ዓመት «ስጥ» ሲል የኖረው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ምታው!» አለ። አማቾቹ ጮኹ፣ አንዋር ጮኸ፣ ዘይኑ እንኳ «ምታው አቦ!» አለ። እግሩም በልማዷ ተነስታ ነበር፤ ያቺ እግር ከዚህ ሌላ ሥራ አታውቅም። ሲራጅ እሷን ለማቆም ክብደቱን ሁሉ በዚያች ባበጠች ግራ ጉልበት ላይ ጣለ። ጉልበቷ ስትንቋቋ ግራሩ ሥር ድረስ ተሰማ የሚል አለ፤ ያ ማጋነን ነው፤ እኛ የቆምንበት ድረስ ብቻ ነው የተሰማው። ከዚያም ኳሷን በጎን፣ ቀስ አድርጎ፣ ሻይ ለእንግዳ እንደሚያቀርብ ሰው፣ መሬት ላይ ወደ ተቀመጠው ምንተስኖት ገፋት። ኳሷ ከምንተስኖት ጭን ጋር ተላተመችና እየተንከባለለች፣ ለማንም ሳትቸኩል መስመሩን አለፈች።

«ምን ሆነ?» አለ ምንተስኖት፣ ዓይኑን ገልጦ።

«አገባህ።»

«ማነው?»

«አንተ። ተነስ።»

ሰው ሁሉ ሲወርርበት ምንተስኖት ማልቀስ ጀመረ፤ እየሳቀ ነበር የሚያለቅሰው። ሲራጅ ግን ወደ ሕዝቡ አልሮጠም፤ ሊሮጥ ቢፈልግም አይችልም ነበር፤ ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው። ሰንጋውን ምንተስኖትና ዘይኑ ፈትተው፣ ሪባኑን እንዳሰረ፣ በዋናው መንገድ ነዱት። ማንአልሞሽ በር ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ በእጇ የሳሙና አረፋ እንደያዘች ወጣች። ሰንጋውን አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ ከዚያ በቁም ነገር «ተሳስታችኋል እኮ፣ የሲራጅ ቤት በዚያ በኩል ነው» አለች። ምንተስኖት ገመዱን አስጨበጣት። ስታየው ቆየችና የበሬውን ግንባር በአረፋ እጇ ዳበሰችው። «ማን አገባ?» አለች። «እኔ» አለ ምንተስኖት፤ ይኼን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚናገረው ደግሞ ተናገረው፤ «እኔ።»

ማምሻውን ከተማው ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሻይ ቤቶቹ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሃያ ብር እየተከፈለ ወሬው በነፃ ተፈተፈተ። ሲራጅ ጉልበቱ ስላለቀ ነው ያሉ ነበሩ፤ ግን ባዶ ግብ ጉልበት አይጠይቅም ተባሉ። ሰንበቴዎች ገንዘብ ሰጥተውት ነው ያሉም ነበሩ፤ ታዲያ ሰንበቴዎች ለመሸነፍ ይከፍላሉ ወይ ተብሎ ተሳቀባቸው። አንድ የተማረ ሰው «የስትራቴጂ ለውጥ ነው» አለና ሁሉም ዝም አሉት። አብዛኞቻችን ግን የምናውቀውን እያወቅን፣ አፋችን እየዞረ፣ ከኛ መካከል አንዱ ባዶ ግብ ፊት ቆሞ እንዲያ ያደርግ እንደሆን ልባችን ውስጥ መርምረን መልሱ ስላላማረን ሌላ ሻይ አዘዝን።

ቤት ውስጥ ጉልበቱ የሐብሐብ ያህል ሆኗል። ፋጡሜ ዘይቱን ይዛ አጠገቡ ተቀምጣ ስታሽ ቆየች። «ሰንጋውም ሄደ» አለች በመጨረሻ። «ጎላዎቹም ሄዱ። ቅዳሜ ሥጋ ይሠራባቸዋል።» ከዚያ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ሙና የምታለቅስ መስሏት ቀና ልታደርጋት ስትል፣ እየሳቀች ነው። ሙና ለሪድዋን ደውላ ድግሱ በፍየል መሆኑን ነግራዋለች፤ እሱም «እኔ ሰንጋውን ነው እንዴ የማገባው?» ብሏታል። ይኼን ስትነግረው ሲራጅ ራሱን ነቀነቀ፤ «ጥሩ ልጅ ነው» ብቻ አለ፣ ስለ ሪድዋን ከዚህ በላይ ብሎ አያውቅም።

መግሪብ ተሰግዶ እንዳበቃ የሙሽራው አጎት ዩሱፍ በባጃጅ መጣ። ከባድ፣ ጥምጣም ያለው፣ ቃል የሚመዝን ሰው ነው። አንዋርም መጣ፣ ምንተስኖትም መጣ፤ ፍራሾቹ ላይ ወጥተው ተደረደሩ። ሰላምታው ብዙ ጊዜ ወሰደ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ መንገዱ ተጠያየቁ። ሻይ ተቀዳ። ዩሱፍ ብርጭቆውን አስቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሲራጅ፣ ልወቅስህ አልመጣሁም። ሠርጉም እንዳለ ነው፣ ዱዓችንም እንዳለ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፤ አገር ሁሉ ሲጠይቀኝ ምን ብዬ እንደምመልስ እንዳውቅ። ባዶ ግብ ፊት ነበርክ። ለምን ሰጠኸው?»

ምንተስኖት ወደ ፊት ዘንበል አለ። ፋጡሜ ዘይቱን ያዘች እንጂ ማሸቱን ተወች። ሲራጅ ሻሹን አንስቶ ጉልበቱን ማሰር ጀመረ።

«አልናገርም» አለ።

«ለኔ ለአማችህ እንኳ?»

«ለማንም።»

«ምክንያት ግን አለው?»

«ዩሱፍ፣ አልናገርም አልኩህ እኮ።»